እትዬ ዘሀራና የተሸናፊዎች አውጫጭኝ

እትዬ ዘሀራ ወደ አኼራ የሄዱት ቡድናችን ባሸነፈ ማግስት ነው። ወሬውን የሰማ የሸዋ ሮቢት ሰው ሁለት ቦታ ተከፈለ። ግማሹ «ደስታው ነው የገደላቸው፤ ሰውነታቸው ማሸነፍ አልለመደም» አለ። ግማሹ ደግሞ «ድሮም ይቺን ነበር የሚጠብቁት፤ አይተው ሄዱ» አለ። እኔ መምህር ነኝና የተሳሳተ ነገር ሳይታረም ሲያልፍ አልወድም። ሁለቱም ልክ አይደሉም። እትዬ ዘሀራ የቆየ የኩላሊት ሕመም ነበረባቸው፤ ያን ቀን ጨዋታውንም አላዩትም። አልጋቸው ላይ ሆነው ከሜዳው የሚመጣውን ጩኸት ሰሙና «አሁንስ ማንን ነው የሚደበድቡት?» ብለው ጠየቁኝ።

«አሸንፈን ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ደግመህ አጣራ» አሉኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ ነበር፤ የጭነት መኪና ሹፌሮች ሳይቀሩ መኪናቸውን አስፋልቱ ዳር አቁመው መጥተው ነበር። ቃሬዛውን የተሸከሙት የቡድኑ ተጫዋቾች ናቸው። በዚያ ሙቀት እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተካ፣ ሳይደናቀፉ እስከ መቃብሩ አደረሷቸው። ከኋላዬ አንድ የሽንኩርት ጫኝ «ምነው በሕይወት ሳሉ እንዲህ ተቀባብለው ቢጫወቱላቸው ኖሮ» ሲል ሰማሁ። አጠገቡ ያለው ሰው ሊቆጣው ፈልጎ መሳቅ ቀደመው። እትዬ ዘሀራ ቢሰሙ ኖሮ ከሁሉም በላይ ይስቁ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

እኔ እሳቸውን የማውቃቸው ተከራያቸው ስለነበርኩ ነው። ፊዚክስ እንዳስተምር ተመድቤ ወደ ሸዋ ሮቢት ስመጣ፣ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ስለሆነ፣ ሙቀትን የማውቀው ከመጽሐፍ ነበር። ቤት ስፈልግ አንድ የባጃጅ ሹፌር ወደ እትዬ ዘሀራ ግቢ ወሰደኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻሻቸውን አጥብቀው ያሰሩ ሴት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ስለ ሥራዬም ስለ ጠባዬም ሳይጠይቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ኳስ ትወዳለህ?» የሚል ነበር።

«አይ፣ ብዙም» አልኩ በሐቅ።

«ጥሩ። እንግዲያው ከኛ ቡድን ጋር ትስማማለህ፤ እነሱም ብዙም አይወዱም።»

ቅዳሜ ሲመጣ ሜዳ ይዘውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ከተማችን ላይ የተደረገ ጨዋታ አምልጦኝ አያውቅም።

ስለ ቡድኑ ትንሽ ላስረዳ። ቡድናችን ደመወዝ የሚከፈላቸው ተጫዋቾችና አሰልጣኝ ያሉት፣ በታችኛው ሊግ የሚጫወት የከተማ ቡድን ነው። ክረምት ላይ ሁልጊዜ ተስፋ አለው፤ አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ፣ አዲስ ማሊያ ይሰፋል። ጥቅምት ላይ ጨዋታው ሲጀመር ተስፋው ያልቃል። ሁለት ጊዜ ሊወርድ ሲል ለጥቂት ተርፏል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሜዳው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሜዳው በአንድ ወገን ከሽንኩርት መጋዘኖች ጋር ይዋሰናል፤ በሌላ ወገን ወደ ሮቢ ወንዝ የሚወርድ ገላጣ ቦታ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ይዞ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ከመጋዘኖቹ አንዱ የእትዬ ዘሀራ ነበር።

እንዴት ደጋፊ እንደሆኑ ራሳቸው ነግረውኛል። መጀመሪያ ወደ ሜዳው የገቡት ለመጣላት ነው። የተመታ ኳስ አጥር ዘልሎ መጥቶ የተከመረ ሽንኩርታቸውን ናደባቸው። ኳሷን በብብታቸው ይዘው፣ የመታውን ልጅ ሊሰድቡ ገቡ። ሲገቡ ቡድናችን እየተሸነፈ ነበር። «ይሄ ሁሉ ልጅ ሲሸነፍ አይቼ ጥያቸው መውጣት አፈርኩ» አሉኝ። «ትንሽ ልይና እወጣለሁ ብዬ ነበር። ይኸው እስካሁን አልወጣሁም።»

ድምፃቸው በጭነት መኪና ሞተር ላይ አልፎ ጫኞችን ለማዘዝ የሠለጠነ ነበር። ስለዚህ ሜዳ ላይ ሲናገሩ ከዚህኛው ጎል እስከዚያኛው ይሰማል። አንድ ከደጋ የመጣ አጥቂ ነበረን፣ ዓመቱን ሙሉ ጎል ያላገባ። ኳስ በሳተ ቁጥር እትዬ ዘሀራ ይነሱና «አንተ ልጅ! ማሾ እንኳ በሁለት ወር ያፈራል፤ አንተን ስንት ክረምት እንጠብቅህ?» ይሉታል። ተከላካዮቹ ቆመው ሲያዩ «ጃንጥላ ስጧቸው እንጂ፣ ቆመው ሊደርቁ ነው!» ይላሉ። እኛ ስንስቅ ደግሞ ወደኛ ይዞራሉ። «እናንተ ምን ያስቃችኋል? ሽንኩርት እንኳ ተልጦ ነው የሚያስለቅሰው። ይሄ ቡድን ሳይላጥ ያስለቅሰኛል።»

የራሳቸው ጥቁር ጃንጥላ ነበራቸው። ጎል ሲቆጠርብን በዚያ ፀሐይ ይዘጉታል። «ጥላ አይገባንም» ብለው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ቡድናችን አንድ ጥሩ ነገር እስኪሠራ፣ ቢያንስ ሦስት ኳስ እስኪቀባበል ድረስ አይከፍቱትም። አንዳንድ ቀን ሙሉውን ዘጠና ደቂቃ ፀሐይ ላይ ይውላሉ።

የኳስ እውቀታቸው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደካማ ነበር። እንደ መምህር ይህን ለማስተካከል ሞክሬያለሁ። አንድ ቀን ኦፍሳይድ የሚባለውን ሕግ ላስረዳቸው መጋዘናቸው ወለል ላይ ቀይ ሽንኩርቱን ለኛ ቡድን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ለተጋጣሚ አሰለፍኩ። አንዱን ቀይ ወደ ፊት አራመድኩ፤ ለምን እንደሚቀጣ በዝርዝር አብራራሁ። በጥሞና አዳመጡኝና «ገባኝ» አሉ። «ቀድሞ የደረሰ ይቀጣል ማለት ነው።»

«እንደሱ አይደለም፣ እትዬ፤ ኳሱ ሲላክለት ከ...»

«እኔ ገበያ የምወጣው ሰው ሳይመጣ ነው። ያንተ ዳኛ ገበያ ውስጥ ቢኖር ይሄኔ ታስሬያለሁ። ወላሂ ይሄ ሕግ የሰነፍ ሕግ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስድስትና ሰባት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ያላስረዳኋቸው ተማሪ እሳቸው ብቻ ናቸው።

የማይደራደሩባቸው ነገሮች ነበሯቸው። ተጫዋች ይሰድባሉ፤ የተጫዋች እናት ስትሰደብ መስማት ግን አይችሉም። አንድ ጊዜ ከኋላችን የተቀመጠ ጎረምሳ የበረኛውን እናት ጠርቶ ሲሳደብ ቀስ ብለው ዞሩ። «እናቱ ተሰልፋለች እንዴ?» አሉት። «ስንት ቁጥር ነው የለበሰችው? አሳየኝ እስቲ።» ጎረምሳው ቀሪውን ጨዋታ ሌላ ቦታ ሄዶ አየ።

ሌላው ምግብ ነው። ከኮምቦልቻ ወዲህ ካለ ከተማ ተጫውተን አምስት ገብቶብን ስንመለስ የደጋፊዎቹም የተጫዋቾቹም አውቶቡስ ጀውሃ ላይ ምሳ ሊያበላ ቆመ። እኛ ቀድመን ምግብ ቤቱ ገብተን ጠረጴዛውን ሁሉ ያዝን። ተጫዋቾቹ ፊታችንን ሲያዩ አፍረው ውጭ አውቶቡሱ ጥላ ሥር ቆሙ። እትዬ ዘሀራ ይህን አዩና ባለቤቱን ጠርተው «ጥብሱን መጀመሪያ ለነሱ» አሉ።

ከደጋፊዎቹ ቁጡ የሆነው ወንድወሰን፣ ያ ቤት ስፈልግ ወደ እሳቸው ግቢ የወሰደኝ የባጃጅ ሹፌር፣ «ኧረ እትዬ! አምስት ገብቶባቸው?» ብሎ ተነሳ።

«አምስቱ የገባው መረቡ ውስጥ ነው፣ ወንዴ። ሆዳቸው ውስጥ ምን ገባ?»

ተጫዋቾቹን አስገብተው አስቀመጧቸው። ራሳቸው ሳይቀመጡ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆመው «ብሉ» አሏቸው። «ስትጨርሱ እሰድባችኋለሁ። የራበው ሰው አይሰደብም።» እንዳሉትም አደረጉ። ልጆቹ በልተው ሲጨርሱ እስከ ሸዋ ሮቢት የሚበቃ ስድብ አወረዱባቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ተጫዋቾቹ ሁሉ እናታችን ይሏቸው ጀመር።

አሁን ወደ አውጫጭኙ ልግባ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና።

ወጣት አንባቢ ላያውቀው ስለሚችል ላብራራ። ድሮ በገጠር ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደልና ጥፋተኛው ሲጠፋ፣ ያገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል። ይህ አውጫጭኝ ይባላል። እትዬ ዘሀራ በልጅነታቸው አባታቸው አውጫጭኝ ሲቀመጡ ስንቅ ያመላልሱ ነበር። እናም አንድ ቀን በሜዳችን ላይ በተሸነፍን ጊዜ፣ ደጋፊው አሰልጣኙን እየሰደበ ሊበተን ሲል፣ ከሜዳው ጥግ ያለው የኒም ዛፍ ሥር ሄደው ተቀመጡና «ማንም እንዳይወጣ!» ብለው ጮኹ። «ዛሬ ሌባ አለ። ሦስቱን ነጥብ የሰረቀን ማነው? አውጫጭኝ እንቀመጥ!»

ለቀልድ ነበር። ሰውም ለቀልድ ተቀመጠ። ግን እሳቸው ሁለት ሕግ አወጡ። አንደኛው፣ ሌላውን ከመክሰስህ በፊት ራስህ ያጠፋኸውን ተናገር። ሁለተኛው፣ የሰማኸውን ከተናገርክ ከማን እንደሰማህ ጥራ። ሕጉን ያልጠበቀ ሰው ተነስቶ ለሁሉም ውኃ ይቀዳል።

የዚያን ቀን ወንድወሰን ተነስቶ «እኔ ፍፁም ቅጣት ምቱ ሲመታ የባጃጄን ጥሩምባ ነፋሁ፤ አጥቂያችን የደነገጠው በኔ ነው» አለ። ፀጉር አስተካካዩ ሰይፉ ደግሞ «አጥቂውን ጠዋት የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «አሳመርኩት መሰለኝ። ፀጉሬ ይበላሻል ብሎ ኳስ በጭንቅላቱ አልመታም አለ።» እኔም አሰልጣኙን ስለ ማዕዘንና ፍጥነት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ላስረዳቸው ሞክሬ እንደነበር ተናገርኩ። እትዬ ዘሀራ ራሳቸውን ይዘው «ያረቢ! ተጫዋቾቹ ኳስ ሲያዩ የሚያስቡት ለዚህ ነው!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በሜዳችን በተሸነፍን ቁጥር አውጫጭኝ እንቀመጣለን። ስለዚህ በጣም ብዙ ጊዜ ተቀምጠናል። ተናዶ የመጣ ሰው እየሳቀ ይሄዳል። ከሌላ ከተማ የመጡ ደጋፊዎች አሸንፈው ሳለ የኛን ሽንፈት ሊያዩ ከዛፉ ሥር ይቆሙ ነበር።

ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ያበቃው ያለፈው ዓመት መጨረሻ ጨዋታ ላይ ነው።

በረኛችን ከድር የሚባል ልጅ ነበር። ልጅ ስል ሃያዎቹን የጨረሰ ሰው ነው፤ እትዬ ዘሀራ ሁሉንም ልጅ ስለሚሉ ለምዶብኝ ነው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ እትዬ ዘሀራ ጀውሃ በኩል ስላደጉ ቋንቋውን ይችላሉ፣ ሲያገኙት «አካም ጂርታ፣ የኛ መረብ?» እያሉ ደህንነቱን ይጠይቁታል። የመጨረሻው ጨዋታ በሜዳችን ሲሆን ተጋጣሚያችን የከድር የትውልድ ከተማ ቡድን ነበር። አቻ ብንወጣ እንተርፋለን። ከተሸነፍን እንወርዳለን።

እስከ መጨረሻው ደቂቃዎች ድረስ ዜሮ ለዜሮ ነበርን። ከድር ሁለት የማይያዙ ኳሶች ይዞ ነበር። ከዚያ ከግራ መስመር ቀላል ኳስ ተሻማ። ነፋሱ ከወንዙ በኩል አቧራ ይዞ ተነሳ። ከድር ዘልሎ ያዛት፤ ስትወርድ ከእጁ ሾልካ በእግሮቹ መሐል ገባች። ወዲያው ፊሽካው ተነፋ። ወረድን።

ከሰዉ መሐል አንድ ድምፅ «ሸጠን!» አለ። «በረኛው ላገሩ ሸጠን!»

እዚህ ላይ አካባቢያችንን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አጣዬ ከኛ ሩቅ አይደለም። አንድ ወሬ ከአንዱ አፍ ወጥቶ ቤት ማቃጠል ድረስ እንዴት እንደሚሄድ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከኛ መሐል ቤቱ የተቃጠለበት ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። ስለዚህ «ላገሩ ሸጠን» የሚለው ቃል ሲወጣ የፈራሁት ስለ አንድ በረኛ ብቻ አልነበረም። ተጫዋቾቹ ሮጠው ልብስ መቀየሪያው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ። ሰው ወደዚያ ጎረፈ። ወንድወሰን ከፊት ነበር፤ እጁ ላይ ድንጋይ ይዟል። «ይውጣ! ገንዘብ በጆንያ ሲቀበል ታይቷል! ይውጣ!» ይላል። የነበሩት ጥቂት ሚሊሻዎች መንገድ አጥተው ተገፉ።

እትዬ ዘሀራን ዞር ብዬ ስፈልጋቸው አጠገቤ የሉም። ሳያቸው የክፍሉ በር ላይ ደርሰዋል፤ ጀርባቸውን ለቆርቆሮው ሰጥተው ቆመዋል። ያ የጭነት መኪና ድምፃቸው ወጣ።

«ማንም እንዳይወጣ! አውጫጭኝ ነው!»

«እትዬ፣ ዛሬ ቀልድ የለም! ዞር ይበሉ!» አለ ወንድወሰን።

«ማን ቀለደ? ሌባ አለ አልክ አይደለም? ሌባ ካለ አውጫጭኝ ይቀመጣል። ዛሬ ያልተቀመጥን መቼ ልንቀመጥ ነው? ቁጭ በል፣ ወንዴ! ተራው ያንተ ነው!»

ቀጥሎ የሆነውን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሰው ሲቆጣ በምክር አይቆምም፤ በለመደው ነገር ግን ይቆማል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ጥሪ ስንሰማ ተቀምጠናል፤ ጉልበታችን ከኛ በፊት ያውቃታል። መጀመሪያ የተቀመጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ከዚያ ሴቶቹ። እኔም ተቀመጥኩ። መሬቱ ይፋጃል። የተቀመጠ ሰው እየበዛ ሲሄድ የቆሙት አፈሩ። በመጨረሻ ወንድወሰን ድንጋዩን እንደያዘ ተቀመጠ።

«በራስህ ጀምር» አሉት።

«እኔ ምን አጠፋሁ? እሱ ነው የሸጠን!»

«እሺ። አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከማን?»

ወንድወሰን ዙሪያውን አየ። «ከሰይፉ።»

ሰይፉ ተነሳ። ሲቆጣ ቆይቶ አሁን ድምፁ ቀነሰ። «እኔ ገንዘብ አላልኩም። በጆንያ ነገር ሲቀባበል ታየ ነው ያልኩት። ከእትዬ ጥሩወርቅ ነው የሰማሁት።»

እትዬ ጥሩወርቅ ከእትዬ ዘሀራ መጋዘን ፊት ለፊት ማንጎ የሚሸጡ ጎረቤታቸው ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተነሱ። እትዬ ዘሀራ «ተናገሪ እንጂ፣ ጥሩዬ። ከማን ሰማሽ?» አሏቸው።

«ዘሀራ፣ ይቅር።»

«ሕጉ ይቅር አይልም። ከማን?»

«ካንቺ ነዋ!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፤ እንባ ባዘለ ድምፅ። «ሐሙስ ዕለት ገበያ ላይ! ያንቺው አፍ ነው!»

ያን ሐሙስ እኔም አጠገባቸው ነበርኩና ወዲያው ትዝ አለኝ። የከድር ወንድምና አጎት ከቤት የተላከለትን የማሽላ ጆንያ ይዘውለት መጥተው በመጋዘኑ ፊት ሲያልፉ፣ እትዬ ዘሀራ እንደልማዳቸው ጮኹ። «በረኛው! በጆንያ የምትቀባበሉት ምንድነው? ጎላችንን ጭነህ ልትልክላቸው ነው እንዴ?» ገበያው ሁሉ ሳቀ። ከድርም ሳቀ። ቀልዱ ከዚያ ተነስቶ በአፍ ላይ አፍ እየጨመረ፣ ማሽላው ገንዘብ ሆኖ፣ እዚያ በር ላይ ደርሶ ነበር።

ከሁሉም በፊት የገባቸው እሳቸው ናቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ እትዬ ዘሀራ ቃል ሲጠፋቸው አይቼ አላውቅም። ሁሉም የሚያየው እሳቸውን ነበር። «እኔማ ለቀልድ ነው ያልኩት» ቢሉ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር፤ እውነትም ነበር። እሳቸው ግን ወደ ወንድወሰን ሄዱና እጃቸውን ዘረጉ።

«ያን ድንጋይ ስጠኝ።»

ወንድወሰን ግራ ተጋብቶ ሰጣቸው።

በሩን አንኳኩ። «ከድር፣ እኔ ነኝ። ውጣ። ማንም አይነካህም።» በሩ ተከፈተና ከድር ማሊያውን እንደለበሰ፣ ጓንቱን ሳያወልቅ ብቅ አለ። እትዬ ዘሀራ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው አጎነበሱ። በዕድሜ እናቱ የሚሆኑ፣ ገበያው የሚፈራቸው ሴት፣ ሁላችንም ፊት።

«እትዬ! ኧረ በአላህ! አንቱ ይህን አያደርጉም!» ብሎ ከድር ሊያነሳላቸው ሮጠ።

«አታንሳው። መጀመሪያ ስማኝ፤ እነሱም ይስሙ።» አጎንብሰው እንዳሉ ጮኹ። «ሸጠን ያለው አፍ የኔ ነው! ጆንያው ውስጥ ያለው ማሽላ ነው፤ ቲቸር አጠገቤ ነበር፣ አይቷል። ልጁ ኳስ አመለጠው እንጂ ማንንም አልሸጠም። ሌባው ተገኝቷል። የሚመታ ካለ እኔ ይኸው!»

ከድር በጓንቱ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ቀና አደረጋቸውና ትከሻቸውን ሳመ። እያለቀሰ ነበር። ማንም አላጨበጨበም፤ የሚጨበጨብበት ነገር አልነበረም። ወንድወሰን ብቻ ተነሳ፤ ከድር ፊት ቆሞ አንገቱን ሰብሮ «ባጃጄ ውጭ ነው። ላድርስህ» አለው። ሰዉ አንድ በአንድ ተበተነ።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ሌላውን ሲከስ «በራስህ ጀምር» እላለሁ፤ «ተባለ» የሚል ሲመጣ «ማን አለ?» እላለሁ። ተማሪዎቼ ዘዴው የኔ ይመስላቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ስለ ክፍል አያያዝ ብዙ አስተምሮኛል፤ አመሰግናለሁ። አንድ ሰው ባወጣው ሕግ ራሱ ሲያዝ ምን ማድረግ እንዳለበት ያስተማሩኝ ግን እትዬ ዘሀራ ናቸው። ከተማዬ ባልሆነች ከተማ እንደ ቤቴ የምኖረውም በሳቸው ነው። ባመሰግናቸው «ሂድ ወዲያ፣ ኦፍሳይድህን አስረዳ» ይሉኝ ስለነበር በሕይወት ሳሉ አፌን ሞልቼ አላልኳቸውም። እዚህ ልበለው፦ አላህ ይስጥልኝ፣ እትዬ።

ያን ቀን ወንድወሰን ከድርን ወደ ማደሪያው አላደረሰውም፤ እትዬ ዘሀራ ወደ ቤት አስመጡት። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እራት ቀረበ፤ ከድር ግን እጁ ወደ ምግቡ አይሄድም። ዕቃውን አስሮ ነገ ጠዋት ወደ አገሩ እንደሚመለስ፣ ኳስም እንደሚበቃው ለኔ ቀስ ብሎ ነገረኝ። እትዬ ዘሀራ ሰምተዋል። እያጎረሱ አበሉት። ጠግቦ እጁን ሲታጠብ ጠበቁና ከቅርጫቱ አንድ ማንጎ አንስተው ወረወሩለት። ያዛት።

«ይህችን እንዲህ ትይዛለህ!» አሉት። «ያችን ግን እንዴት አባህ ነው የለቀቅካት?»

እኔ ደነገጥኩ። ከድር ግን ከጨዋታው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ይቅር ተባባልን አይደል እንዴ?»

«ይቅርታ የጠየቅሁህ ስለ ወሬው ነው። ስለ ጎሉ ገና አልታረቅንም።»

ከድር ማንጎዋን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እያቀባበለ ትንሽ አሰበ።

«እንግዲያው እስክንታረቅ አልሄድም» አለ።

አልሄደም። ቡድኑ ከወረደ በኋላም በረኛችን እሱ ነው። ስለዚያ ጎል ግን እስከ መጨረሻው አልታረቁም።